ከሽፋኑ ላይ የጠፋው ጠባሳ

ጥቅምት 8

ከባሕር ማዶ ላለው ወንድም ጋሼ፣

ጤና ከላይህ፣ ሰላም ከደጅህ አይራቅ። እኛ ደህና ነን። እማዬም፣ ያንተዋ እቴቴ፣ ደህና ናት። አሁን ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ «ሙጫዬን ሳሚልኝ» ብላኛለች። ሃምሳ ሰባት ዓመት ሞልቶህም እሷ ዘንድ ዛሬም ሙጫ ነህ። በልጅነትህ ቀሚሷ ላይ ተለጥፈህ አልላቀቅ ስትል ያወጣችልህ ስም ነው፤ ምን ታደርገዋለህ። እኔንስ ስለምለፈልፍ ደወሏ ብላኝ ቀርቻለሁ አይደል።

የሁለተኛው መጽሐፌ ቅጂዎች ትናንት ደረሱ። ካርቶኑን ተሸክሜ በቀጥታ ሥራ ቦታ ገባሁ። ሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የበሽተኛ ስም ስፈልግ የኖርኩ ሴትዮ፣ የራሴን ስም ዳግመኛ መጽሐፍ ላይ አገኘሁት። ደስታዬን አልደብቅህም። ወረቀቱን አሸተትኩት። ጀርባውን ሳምኩት። ኃላፊያችን አየችኝ፤ ትየኝ። እዚያ ያሳታሚ ደጅ ጠንተህ፣ «የአክስቴ ልጅ የጻፈችው ምናባዊ ልቦለድ ነው፣ አንብቡት» ብለህ ለምነህ፣ ሽፋኑንም በገዛ እጅህ ሠርተህ ለዚህ ያበቃኸኝ አንተ ነህ። ውለታህን አልረሳም።

ምስጋናው እዚህ ላይ ያልቃል። ከዚህ በኋላ ያለው ቁጣ ስለሆነ ወንበር ሳብ አድርገህ ቁጭ በል።

የመጀመሪያው መጽሐፍ «ለስላሳ ፊቶች» የወጣ ጊዜ ዝም ያልኩህ በደስታ አፌ ተይዞ ነው። ባለታሪኬ ሰባ ዓመት ያለፋት መንገድ ጠባቂ ናት። ጉልበቷን ያማታል። ስትቀመጥ «እህ» ትላለች። አንተ ሽፋኑ ላይ ያስቀመጥክልኝ ግን ነፋስ ሳይኖር ፀጉሯ የሚበር፣ ወገቧ በእጅ የሚጨበጥ፣ ሰይፍ የመዘዘች ኮረዳ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ብትፈልግ ሰይፍ የለም። የሽንኩርት ቢላ እንኳ የለም። የኛ የጥርስ ሐኪም ሰይፉን ሲጠብቅ ሲጠብቅ መጽሐፉ አለቀበት። አሁንም ኮሪደር ላይ ባገኘኝ ቁጥር «ሴትየዋ ሰይፏን የት ጣለችው?» ይለኛል።

ለሁለተኛው ፎቶ ላኪ አልከኝ። ባለታሪኬን በእማዬ መልክ እንደሣልኳት ታውቃለህና ያለንን አንድ ጥሩ ፎቶ ከአልበሙ አውጥቼ ላክሁልህ። እና ምን አደረግህ? እንደ እንቁላል ልጠህ ላክኻት። ሽብሽቡ ይሂድ፤ ግድ የለም። ጠባሳዋስ? ከግራ ቅንድቧ በላይ ያለው ጠባሳ ወዴት ሄደ?

ታሪኩን አንብበኸዋል እኮ። በዚያች ከተማ የሁሉም ሰው ፊት ለስላሳ ነው፤ ከየት እንደመጣም የሚያስታውስ የለም። መውጫውን መንገድ የምታስታውሰው አንዲት ባለ ጠባሳ አሮጊት ብቻ ናት፤ የምታስታውሰውም ጠባሳው ስላላት ነው። አሁን አርባ ሰው ሻንጣውን ይዞ ከኋላዋ ቆሟል። ወዴት ትውሰዳቸው? ጠባሳውን ስታጠፋው መንገዱን አጠፋኸው።

እማዬ መጽሐፉን በአጉሊ መነጽር ስታየው ቆየችና «ይህቺ ልጅ ማናት?» አለችኝ።

«አንቺ ነሽ» አልኳት።

«እኔ እንዲህ ሆኜ አላውቅም» ብላ መለሰችልኝ።

የዓይን ሐኪሙ ብርሃኗ ቢቆይ ስምንት ወር ነው ብሎናል። የምትለምነኝ አንድ ነገር ነው፤ የራሷን ፊት መጽሐፍ ላይ ማየት። ሦስተኛው መጽሐፍ የመጨረሻው ነው። ዓይኗ ሳይጠፋ ጠባሳዋን መልስላት። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።

በቁጣም በፍቅርም
እህትህ ደወሏ


ታኅሣሥ 14

ለተከበርሽው እህቴ፣

እንደምን ከርማችኋል። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። የመጽሐፎቹ በሰላም መድረስ አስደስቶኛል። ሥራ ስለበዛብኝ መልሱ ዘገየ፤ ይቅርታ።

ስለ ሽፋኑ ያልሽውን አነበብኩ። አንቺም እንደምታውቂው ሠላሳ ዓመት የሠራሁት ፎቶ ማስዋብ ነው። ሙሽራ ብጉር ይዛ ትመጣለች፣ ሽማግሌ ማዲያት ይዞ ይመጣል፤ አጥርተን እንመልሳቸዋለን። ዛሬ በኮምፒውተር ነው እንጂ ሥራው ያው ነው። ፊት ላይ እንከን ሲታይ እጅ በራሱ ይሄዳል። ክፋት የለበትም። አሳታሚውም ንጹሕ ፊት ይወዳል፤ ገዢ በሩቅ አይቶ እንዲቀርብ ነው።

የሦስተኛውን መጽሐፍ ረቂቅ ላኪልኝ። ስለ ሽፋኑ እሱን ካነበብኩ በኋላ እንነጋገራለን።

ለእቴቴ ሹራብ ልኬያለሁ። አዝራሩ ትልልቅ ስለሆነ በዳሰሳም ትቆልፈዋለች። ስለ ዓይኗ የሰማሁት አሳዝኖኛል። እግሯን ስሚልኝ።

አክባሪሽ
ወንድምሽ


ጥር 3

ለሥራ የበዛበት ወንድም ጋሼ፣

ቤትህ ይሙቅ፣ እጅህ አይዛል። ሹራቡ ልክ ሆኗታል። ለብሳው ተቀምጣ አዝራሩን እየቆጠረች «ሰባት ናቸው» ትላለች። አንድ ቀን ደግሞ ስምንት አገኘች።

ሁለት ወር ጠብቄ ግማሽ ገጽ ላክህልኝ። እኔ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ የቆመ ሰውዬ ሁለት ወር ባስጠብቅ ተሰብስበው ነው የሚደበድቡኝ። እጅ በራሱ ይሄዳል አልከኝ ደግሞ። የእኔም እጅ በራሱ የሚሄድበት ጊዜ አለ፤ ደግነቱ ባሕሩ መሐላችን ነው።

እንከን አልከው። ወንድሜ፣ ያ እንከን አይደለም። እኔ ልጅ ሆኜ ትኩሳት ሲይዘኝ የማየው እሱን ነበር። እማዬ ጎንበስ ስትል ከሁሉ ቀድሞ ወደ እኔ የሚመጣው ያ ጠባሳ ነው። ሌሎቹ እናቶች ሁሉ አንድ ነገር የጎደላቸው ይመስለኝ ነበር። ታሪኩን ሁሉ የጻፍኩት ከእሱ ተነስቼ ነው። ከየት እንደመጣ ስጠይቃት «ደረጃ ላይ ወድቄ» ትለኛለች። ደረጃ ለምናባዊ ልቦለድ ምን ይሆናል? ስለዚህ ከራሴ ፈጠርኩለት።

ረቂቁ ይኸው። በሁለተኛው መጽሐፍ ድንጋይ ወርውሮባት፣ ስቆ የሮጠውን ልጅ ታስታውሰዋለህ። አንባቢ ሁሉ «ማነው?» እያለ መቀመጫ ነስቶኛል። በዚህኛው ታገኘዋለች። ጎልምሷል፤ ሩቅ አገር ሄዶ የሰው ፊት እየፋቀ የሚያለሰልስ ባለሙያ ሆኗል። እውነቱን ልንገርህ፣ በሽፋኑ ተናድጄ ሙያውን ካንተ ነው የሰረቅሁት። ሳቅህን ጨርስና ቀጥል። አርባው ተጓዦች ይፈርዱበታል፤ ስሙ ከሰው ሁሉ አፍ ይጠፋል። ማንም አይጠራውም፣ ማንም በር አይከፍትለትም፣ አሮጊቷም ዞር ብላ አታየውም። እንደዚህ ምዕራፍ ደስ እያለኝ የጻፍኩት የለም። ብዕሩ ራሱ ይስቅ ነበር።

የሆስፒታሉ ጥበቃ ያንን እንቁላል ፊት አይቶ «ልጅሽ ናት? አልተዳረችም?» አለኝ። ፎቶውን ባስቸኳይ መልስልኝ። ሽፋኑንም በቶሎ። የሐኪሙ ስምንት ወር አምስት ሆኗል።

እህትህ


ሚያዝያ 20

ለወንድሜ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ከዚህ በላይ ሰላምታ አልጽፍም፤ መልስ ለማያውቅ ሰው ብዙ ማባከን ነው።

ሦስት ወር ከግማሽ ሆነ። ረቂቁ ደረሰህ? ፎቶውስ? ታመህስ እንደሆነ? ታመህ ከሆነ በሌላ ሰው አጽፈህ ንገረን፤ ደህና ሆነህ ዝም ካልክ ደግሞ እሱንም ንገረኝና የምናደድበትን ልክ ልወቅ።

የእማዬ አንዱ ዓይኗ ሄዷል። በሌላው የመስኮቱን ቅርጽና የሰው ጥላ ታያለች። በየቀኑ ከሥራ ስመለስ በር ላይ «መጣ?» ትለኛለች። ሽፋኑን ይሁን አንተን አልጠየቅኋትም። «ነገ» እላታለሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ለበሽተኛ «ነገ ተመለስ» ስል ኖሬ እንዲህ አፍሬበት አላውቅም።

እስከ ወር መጨረሻ ሽፋኑን ካልላክህ ለሆስፒታላችን «እጅዎን ይታጠቡ» የሚለውን ሥዕል ለሠራው ሠዓሊ እሰጠዋለሁ። እሱ ቢያንስ ያየውን ይሥላል።

እህትህ


ግንቦት 16

ሰላምታውን ዛሬ ተዪው።

ካወቅሽ ለምን በግልጽ አልነገርሽኝም? ሦስት መጽሐፍ ሙሉ ለምን ትዞሪኛለሽ? ጽፈሽ «አንተ ነህ» ብትይኝ እኮ አንድ መስመር ይበቃ ነበር።

የመጀመሪያውን ሳነብ ጠባሳው አለ። ደነገጥኩ፤ ግን ዝም አልኩ። ሰይፍ ያስያዝኳት ሰው ሰይፉን ሲያይ ግንባሯን እንዳያይ ነው። እየሳቅሽ የጻፍሽው ሰይፍ ይኸው ነው። በሁለተኛው ወርዋሪ ልጅ መጣ። እሱን አንብቤ ሳልጨርስ ፎቶዋን ላክሽልኝ። ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቼ ሳጎላው ፊቷ የመስኮት ያህል ሆኖ ፊቴ ቆመ። ሦስት ቀን ሥራ ቦታ እየሄድኩ እሱን ብቻ አየሁ። በአራተኛው አጠፋሁት። እጄ በራሱ አልሄደም። እኔ ነኝ እጄን የላክሁት።

አሁን ደግሞ ረቂቁን ላክሽ። ሩቅ አገር ያለ ፊት አለስላሽ። ስሙ የማይጠራ፣ በር የማይከፈትለት። ከዚያ «ሳቅህን ጨርስ» ትይኛለሽ። አልሳቅሁም። ያን ቀንም አልሳቅሁም። ያንቺ ልጅ ስቆ ይሮጣል፤ እኔ አልሮጥኩም፣ የምሮጥበትም አልነበረኝም።

ድንጋይም አልነበረም። የሻንጣዬ ጓጉንቸር ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ «ለአንድ ሳምንት» ብሎ እናንተ ቤት አስቀምጦኝ ሄዶ ዓመት ሊሞላው ነበር። በየጠዋቱ ልብሴን አጥፌ፣ ሻንጣዬን ቆልፌ በር ላይ እቀመጥ ነበር። ያን ቀን ጓጉንቸሩን በእጄ እንደያዝኩ እቴቴ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። «አባትህ አይመጣም፤ ልብስህን አውጣና ልጠብልህ» አለችኝ። ወረወርኩት። ሁለት ክንድ እንኳ አንራራቅም ነበር። ደሙ ዓይኗ ውስጥ ገባ። እሷ ግን አልጮኸችም፤ በነጠላዋ ይዛው «ልብሱን አውጣ» አለችኝ ደግማ።

ሃያ ሁለት ዓመት ለምን አልመጣህም ትሉኛላችሁ። በየትኛው ዓይኔ ልያት?

ደግሞ በግራ ቅንድቧ ላይ አይደለም። በቀኟ ነው። አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ ፊት ለፊቷ ተቀምጠሽ በራስሽ ግራ በኩል ስላየሽው ግራ ብለሽ ጻፍሽ። ልትከሺኝ ካሰብሽ መጀመሪያ በደንብ እዪው።

ሽፋኑን አልሠራም። ረቂቁን ለአሳታሚው ሰጥቼዋለሁ። ለሠዓሊሽ ስጪው።


ሰኔ 9

ወንድሜ፣

ይህ አምስተኛው ወረቀት ነው። አራቱን ቀድጃለሁ፤ አንዱ ላይ የጻፍኩትን ብታየው ባሕሩን ትመርቀው ነበር።

መጀመሪያ ይህን ስማ። እኔ ምንም አላውቅም ነበር። አራት ዓመቴ ነበር። «ደረጃ ላይ ወደቅሁ» ብላ ለሐኪም፣ ለጎረቤት፣ ለአባቴም ሳይቀር ነግራ ሁሉም አምኗታል። ቤታችን ሦስት ደረጃ ብቻ እንዳለው ማንም አላሰበም። እኔ የሰረቅሁት ሙያህን ነው፤ ሌላውን በደፈናው ወርውሬ ነው ያገኘሁህ።

ደብዳቤህን እንደያዝኩ ተነስቼ ከእማዬ ጎን ቆምኩ፤ ፊት ለፊቷ ሳይሆን ጎኗ። ቀኝ ነው። ሦስት መጽሐፍ የጻፍኩበት ጠባሳ በየት በኩል እንዳለ አላውቅም ነበር። ካርድ ክፍል ውስጥ እንዲህ ብሳሳት የሰውን ደህና እግር አስቆርጥ ነበር።

ከዚያ ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ ግንባርሽ ላይ ያለው ከምንድን ነው?»

«ወድቄ ነው አላልኩሽም? ከደረጃ።»

«ሙጫ ጽፎልኛል። ጓጉንቸር ነው ብሏል።»

ሹራቧን ከላይ እስከ ታች ቆለፈችና እንደገና ፈታችው። «እሱ ምን ያውቃል፣ ልጅ ነበር» አለች። «እኔ ወድቄያለሁ።»

«እማዬ፣ ራሱ እኮ ነው የነገረኝ።»

«ግንባሩ የማን ነው?» አለችኝ። «የእኔ አይደል? ወደቅኩ ካልኩ ወደቅኩ። ይልቅ ስኳሩን ዘግተሽዋል?»

ይኸኔ ነው የበራልኝ። የስኳር ሳጥኑን ታስታውሰዋለህ። ዕድሜዬን ሙሉ እሱ ላይ ተንጠልጥሎ የኖረው ዝገታም ጓጉንቸር ያንተ ነው። ቁልፍ ስለሌለው ተቆልፎ አያውቅም፤ እንዲሁ ይሰካል፣ ይነቀላል። ተናድጄ ሄድኩና በመዳፌ መታሁት፤ ቀጭ ብሎ ተቆለፈ። ሻይ ያለ ስኳር እየጠጣን ነው። ልሰብረው መዶሻ ሳነሳ «ተዪው፣ ባለቤቱ ይከፍተዋል» ብላ ከለከለችኝ። ቁልፉ አንተ ጋ ይኖር እንደሆነ እንጃ።

አሁን ወደ ንዴቴ። በዘጠኝ ዓመቱ ልጅ አልተናደድኩም። እሱን ባገኘው ሻንጣውን እይዝለት ነበር። የተናደድኩት በሃምሳ ሰባት ዓመቱ ሰውዬ ነው። ከጥር እስከ ግንቦት ረቂቁን ታቅፈህ ዝም ስትል እሷ በቀረቻት ዓይን መስኮት መስኮት እያየች ትጠብቅ ነበር። ባለፈው ሳምንት እሱም ጠፋ። ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የምትለየው። ዛሬ ሽፋኑን ብትልከው አታየውም። ጓጉንቸሩ ያላጠፋውን ዓይን ዝምታህ አጠፋባት እንዳልል ሕመሙ የራሱ ነው፤ ግን አንዴ ማየት ትችል ነበር። አንዴ። ያንን የወሰድክባት አንተ ነህ፤ በዚህ ላይ ደግሞ የምታመካኝበት ደረጃ አታገኝም።

ረቂቁን ከአሳታሚው አስመልስ። የመጨረሻውን ምዕራፍ እንደገና እጽፈዋለሁ። ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ፤ ስህተት ስለሆነ ነው። የሚስቅ ልጅ ጽፌ ነበር። የሚስቅ ልጅ ግን ሻንጣውን ቆልፎ በር ላይ አይቀመጥም።

ሽፋኑን ሥራው ልበልህ አትሥራው፣ አላውቅም። ለሠዓሊው አልሰጠሁትም።

እህትህ


ነሐሴ 22

ለእህቴ፣

የምትችይውን ያህል ሰላም ተቀበይኝ።

ደብዳቤሽን ሥራ ቦታ፣ ማተሚያ ማሽኖቹ መሐል ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን ምንም መሥራት አልቻልኩም። ያልሽው ሁሉ ልክ ነው። በእጄ ያለኝን ልኬልሻለሁ።

ከአሳታሚው ጋር ተጣልቻለሁ። «አሮጊት ብቻ? ያውም ጠባሳ ያላት? ማን ያነሳዋል?» አለኝ። ቢሮው ውስጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ የማላውቅ ሰው ጠረጴዛውን መታሁ። የቢሮው ጸሐፊ በር ከፍታ አየችን። «ሁለት ጊዜ ዋሽቼ ሸጬልሃለሁ፤ ሦስተኛውን አልዋሽም» አልኩት። ቢያንገራግርም ፈረመ።

ፎቶውን በቆዳዋ ላይ ምንም ሳልነካ እንዳለ ነው የተጠቀምኩት። ሥራ አለመሥራት እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር። እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩ። አንድ ነገር ብቻ ጨመርኩ። ለጠባሳው የብረት ቅርጽ አስቀርጬ ሽፋኑን በማሽን አስጫንኩት፤ እሱ ብቻ ከወረቀቱ ከፍ ብሎ ወጥቷል። የመጽሐፉ ስም ዝርግ ነው። ስምሽም ዝርግ ነው። ቅርጹን የሚቀርጸው ባለሙያ ልኩን ሲጠይቀኝ ፎቶ አላሳየሁትም። በወረቀት ላይ ሣልኩለት። አርባ ስምንት ዓመት በቃሌ ይዤዋለሁ።

አዲሱን ምዕራፍ አንብቤዋለሁ። ልጁ በሩ ላይ ተቀምጦ አሮጊቷ «ልብስህን አውጣ» የምትለው ቦታ ላይ አንድ ፊደል ተገድፎ ነበር፤ አርሜዋለሁ።

ፎቶዋም ከመጽሐፎቹ ጋር አለ። ቁልፉን ጠይቀሽኛል። ከቤቴ ቁልፍ ጋር በአንድ ቀለበት ነው የሚኖረው፤ ሰው ምን ይከፍታል ሲለኝ ምንም እላለሁ። በፖስታ አልልከውም።

ወንድምሽ ሙጫ


ጥቅምት 19

ለወንድም ጋሼ ሙጫ፣

መንገድህ ይቅናልህ፤ ካርቶኑ ደርሷል።

አሁንም እንደተናደድኩ ነው፤ እሱ እንዲታወቅልኝ። ግን ካርድ ክፍል ካርቶኑን ስከፍተው ባለሁበት ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ኃላፊያችን «ምነው፣ አመመሽ?» አለችኝ። የጥርስ ሐኪሙ አንስቶ አገላበጠውና «ይህቺ ሴትዮ ሰይፍ አያስፈልጋትም» ብሎ አስቀመጠው። ጥበቃው ደግሞ ምንም ሳልነግረው «እናትሽ ናት» አለኝ። ግራ የሚለውን አሥራ ሰባት ቦታ ቀኝ ብዬ ስላረምኩት፣ የድሮዎቹን ያነበበ ሰው ጠባሳው በምን ዞረ ብሎ ይጠይቀኛል። ይጠይቀኝ። ጸሐፊዋ ፊት ለፊት ተቀምጣ ነበር እለዋለሁ።

ቤት ስገባ እንደ ወትሮዋ «መጣ?» አለችኝ።

«መጣ» አልኳት።

መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ አስቀመጥኩት። ስለ ጠባሳው ምንም አልነገርኳትም፤ ዝም ማለት ለእኔ ምን እንደሆነ ታውቃለህ። መዳፏን ዘርግታ ሽፋኑን ከጫፍ ጀምራ ዳሰሰችው። «ለስላሳ ነው» አለች። ቅር እንዳላት ገባኝ። ከዚያ ጣቷ ቅንድቡ ላይ ደረሰና ቆመ። ወጣ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ወጣ። ሌላኛውን እጇን አንስታ የራሷን ግንባር ነካች። ሁለቱን እጆቿን እኩል እያንቀሳቀሰች፣ አንዱ ወረቀቱ ላይ፣ አንዱ ፊቷ ላይ፣ ብዙ ቆየች።

«ማነው የሠራው?» አለችኝ።

«ሙጫ።»

«ልኩን ከየት አገኘው?»

«በቃሉ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ጣቷን ከጠባሳው ላይ ሳታነሳ ወደ እኔ ዞረችና፣ እንደ አዲስ ነገር፣ ቀስ ብላ፣

«እውነቱን ነው። እዚህ ጋ ነው የወደቅኩት» አለች። «ንገሪው፣ ስኳር የለንም።»

እህትህ ደወሏ